ለአዲስ አበባ ዙሪያ የሚሆን ኪት አውሮፕላን፦ ጥያቄና መልስ

የመብረር ፈቃድ በቅርቡ የያዙ አባሎቻችን ኪት አውሮፕላን (ክፍሎቹ ተዘጋጅተው የሚመጡና ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው) ገዝቶ ስለመገጣጠም ላነሷቸው ጥያቄዎች፣ በአውሮፕላን ጥገና ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ አባላችን የሰጧቸው መልሶች እነሆ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ የሚሻለው ኪት የቱ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለኝም። ከየት እንደሚነሡ፣ ስንት ሰው እንደሚጭኑና የሜዳውን ርዝመት ይንገሩኝ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ዜኒት ሲኤች 750 ስቶል የተባለውን ኪት ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሮታክስ 912 ሞተር ገጥሜለት ልሠራ አስቤያለሁ። ካታሎጉ በጣም አጭር በሆነ ሜዳ ይነሣል ይላል። ሁለት ሰው ይዞ ይነሣልኝ ይሆን?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። የካታሎጉ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር መሆኑን አስቀድመው ይያዙልኝ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከቦሌም ይበልጣል። የቦሌን ከፍታ ወስደን ሙቀቱ 25 ዲግሪ የደረሰበትን የመጋቢት ቀትር ብናሰላ፣ ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት አየር በመደበኛ ሁኔታ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ያህል የሳሳ ይሆናል። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሞተር በዚህ አየር የሚሰጠው ወደ 70 ገደማ ነው፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። በዚህ ላይ የፍጥነት መለኪያው 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያሳይ አውሮፕላኑ ነፋስ በሌለበት መሬት ላይ ከ80 በላይ እየሮጠ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የመንደርደሪያው ርቀት ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከተነሡ በኋላ ያለው ነው፤ ከፍታ የሚጨምሩት በዝግታ ሲሆን እንጦጦ ከፊት ለፊት አለ። ስለዚህ ባለ ቱርቦዎቹን የሮታክስ ሞተሮች ይመልከቱ፦ 914 ለመነሻ 115 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ 915 አይኤስ ደግሞ 141 ፈረስ ጉልበቱን እስከ 4,500 ሜትር ገደማ ይዞ ይዘልቃል። ዋጋቸው ያስደነግጣል፤ ቢሆንም ከቀለሙና ከስክሪኑ ቀንሰው ለሞተሩ ያውሉት። የኪቱ አምራች ያንን ሞተር መፍቀዱንም ያረጋግጡ።

አንድ አባል፦ «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እዚሁ አገር በ1935 እ.ኤ.አ. ስትሠራ ማን ስለ ቱርቦ ያወራ ነበር?

ሌላ አባል፦ እሷን የሠራት በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የሚመራ ቡድን እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ የሚገባ ጀማሪ አይደለም።

የመጀመሪያው አባል፦ የኢትዮጵያውያኑን ባለሙያዎች ድርሻ ለምን ይዘሉታል?

መልስ፦ «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ስትመለስ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ለኪት ምርጫ መለኪያ አትሆነንም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ከቫንስ ኩባንያ ኪቶች፣ ከአርቪ-7 እና ከአርቪ-12፣ የቱን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነ 12ን። በ7 ላይ አብዛኛው ሪቬት (ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዘው ምስማር) ድፍን ስለሆነ አንድ ሰው በአየር መዶሻ ሲመታ ሌላው ከጀርባ ብረት ደግፎ መያዝ አለበት፤ ኮምፕረሰርም ያስፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ይቆማል። የ12 ሪቬት በአብዛኛው ከአንድ ወገን የሚሳብ በመሆኑ የእጅ መሳቢያ ይበቃዋል። በሁለቱም ላይ ግን ቀዳዳውን ካጸዱ በኋላ ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ነገር ከቀረ ሪቬቱ በደንብ አይቀመጥም፣ ስንጥቅም ሊጀምር የሚችለው ከዚያ ነው። የ12ንም የካታሎግ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር አድርገው ያንብቡት።

ጥያቄ (ከገላን)፦ በአጠቃላይ ግን ጥሩው ኪት የቱ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ (ከሰንዳፋ)፦ ፋይበርግላስስ?

መልስ፦ ፋይበርግላሱን የሚያጣብቀው ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሰንዳፋን የኅዳር ሌሊት ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። የሚሞቅ ክፍል ከሌለዎት ይተዉት።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ ራሴ ከሠራሁ ምዝገባው ያልቅልኛል?

መልስ፦ እሱ የአሜሪካ ደንብ ነው። እዚህ የሚጠይቁት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ነው። በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመልሱን ደብዳቤ በእጅዎ ሳይዙ ገንዘብ አይላኩ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ውጭ አገር ያለ ዘመዴ አንድ ሰው ጀምሮ የተወውን አርቪ-7 በርካሽ አግኝቶልኛል። ልግዛው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ደብዳቤው። ቀጥሎ ክፍሎቹ መቼ እንደተመረቱ ይጠይቁ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ቫንስ በሌዘር ቆርጦ የላካቸው አንዳንድ ክፍሎች የሪቬቱ ራስ እንዲገባ ቀዳዳቸው ሲጎደጎድ መሰንጠቃቸው ታውቆ ነበር፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ማብቂያ ዕዳውን ለማደራጀት ፍርድ ቤት እስከ መሄድ ደርሷል። በሌዘር የተቆረጠ ክፍል ካለው የትኛው እንደተተካ በሰነድ ያሳይዎት። የክንፉ ውስጥ ከመዘጋቱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍም ይጠይቁ፤ የተዘጋ ክንፍ ውስጥ ያለውን ሪቬት ከላይ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ሻጩ ፎቶግራፉ ከሌለው ዘመድዎ ሌላ ይፈልግልዎት።