ፖሊስ ለመሆን ከወዲሁ ምን ልለማመድ?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ፖሊስ መሆን እፈልጋለሁ። ከሩጫ ሌላ ምን ልሥራ?

መልስ፦ ሩጫውን አትተው፤ ግን የፖሊስ የአካል ብቃት ፈተና ሲደርስ ርቀት በድንገት መጨመር ቅልጥም ያሳምማል። በሳምንት 3 ቀን ሩጥ፣ ጭማሪው በሳምንት ከ10 በመቶ አይለፍ።

አብዝተን የምንመክርህ ግን ጽሑፍ ነው። ፖሊስ ያየውን በሪፖርት ያሰፍራል፤ ደካማ ሪፖርት ደግሞ እውነተኛ ክስን ፍርድ ቤት ላይ ሊጥል ይችላል። «ሰክሯል» የአንተ ግምት ነው፤ «አፉ አልኮል ይሸታል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል» ግን ያስተዋልከው ነው። አንድ ቦታ ለ5 ደቂቃ አስተውል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ጻፍ። ያላስታወስከውን ባዶ ተወው እንጂ በግምት አትሙላው።

በማመልከቻህም ላይ ያለፈ ጥፋት አትደብቅ፤ ብዙ ጊዜ ከጥፋቱ ይልቅ ውሸቱ ያስጥላል።