መረቡ፣ ስኳሩና ድንኳኑ

«ሰባኪዎች መቃሲድ መቃሲድ ይላሉ። ምንድን ነው?» ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

የሸሪዓ ሕግ የቆመለት ዓላማ ማለት ነው። ኢማም ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) አምስት ብለው ቆጥረውታል፦ ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘር፣ ንብረት። አስካሪ መጠጥ የተከለከለው አእምሮን፣ ስርቆት የተከለከለው ንብረትን ለመጠበቅ ነው። የጫቱን ነገር ለሌላ ሳምንት እንተወው፤ ጠብ አልፈልግም።

«ዓላማው ከገባኝ ሕጉን ልተወው?» ስም የለውም

ብልጥ ነህ። አይሆንም። የግራናዳው ሊቅ ሻጢቢ ዓላማዎቹን ያገኟቸው ሕጎቹን አንድ በአንድ አይተው ነው፤ ሕጉን ከተውከው ዓላማውንም ታጣዋለህ።

«ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ብጥል ማንን ጎዳሁ? ዓሣው የአላህ ነው።» ዓሣ አስጋሪ፣ ጣና ዳር

ወንድሜ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አንድ ልጅ ፌስታል ከፍቶ አሳየኝ። ቀረሶ ነው፤ ግን ትልቁ ከመሀል ጣቴ አይበልጥም። ገና እንቁላል ያልጣለ። ስንት ትሸጠዋለህ ብለው ሳቀ፤ «ለድመት ነው» አለኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «መጉዳትም፣ በጉዳት መመላለስም የለም» ብለዋል። በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ሰው ሸሪክ እንደሆነም ሐዲስ አለ። ጣና የአንተ ብቻ አይደለም። ከአጠገብህ ታንኳ የሚቀዝፈው ክርስቲያኑም ሸሪክህ ነው። ዛሬ በፌስታል የሄደው የከርሞ ገበያችሁ ነበር። አምስተኛው፣ ንብረት ያልኩት፣ ይኸው ነው። የልጆችህ ንብረት ደግሞ ይብሳል። ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን መረብ ጣል። መጀመሪያ ሰሞን ኪስህ ይከፋል፤ አልዋሽህም።

«ስኳር አለብኝ። ሐኪሙ ረመዳንን አትጹሚ አለኝ። ሰው ምን ይለኛል?» እናት፣ ከሽምብጥ

እናቴ፣ ሐኪምዎን ይስሙ። ቁርኣን (2፥185) ለታመመ ሰው ሌላ ቀን ሰጥቷል። በሽታው የማይለቅ ከሆነ ላልጾሙት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ማብላት አለ። «ሰው ምን ይለኛል» ከአምስቱ ውስጥ የለም።

«ክርስቲያን ጎረቤቴ አረፉ። እድራችን አንድ ነው። ለቅሶ ልቀመጥ?» ከቀበሌ 14

ነቢዩ አስከሬን ሲያልፍ ብድግ አሉ። «የአይሁድ ነው እኮ» ሲሏቸው «ነፍስ አይደለችምን?» አሉ። ሂድ። ጸሎት ሲደርስ ዝም ብለህ ቁጭ በል፤ ማንም አያስገድድህም። ንፍሮውን ብላ። ደግሞ በጊዜ ድረስ፣ ድንኳን ሲተከል ሁሌ ሰው ያጥራል።