ኤክስፓት ነኝ ወይስ ስደተኛ?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቴ ውጭ የላከኝ ለ2 ዓመት ብሎ ነበር። ውሉ እየታደሰ ይኸው 7ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባልደረቦቼ «ኤክስፓት» (ውጭ አገር ተልኮ የሚሠራ ባለሙያ) ይሉኛል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ግን የምሰለፈው ከስደተኞች ጋር ነው። ራሴን ከየትኛው ልቁጠር?

መልስ፦ መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው፤ የጭንቀትዎ ግማሽ እዚያ ላይ ነው። በአማርኛ «ስደተኛ» ስንል ሁለት ዓይነት ሰው እንቀላቅላለን። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ እንዳይሳደድ በበቂ ምክንያት ፈርቶ ከአገሩ የወጣን ሰው ነው። እርስዎ ይህ አይደሉም። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ አቆጣጠር ግን መኖሪያውን ቢያንስ ለ12 ወር ወደ ሌላ አገር ያዛወረ ሰው የረጅም ጊዜ ፍልሰተኛ ነው፤ ደመወዙም ማዕረጉም አይጠየቅም። በዚህ መለኪያ ፍልሰተኛ ከሆኑ ቆይተዋል። «ኤክስፓት» የሚለው ስም ደግሞ በአብዛኛው የሕግ ቃል ሳይሆን የቢሮ ቋንቋ ነው። ለአንዱ ተሰጥቶ እዚያው ሰልፍ ላይ ለቆመው ሌላ ሠራተኛ ሲነፈግ ቅር ቢልዎት እውነትዎን ነው።

የሚወስነው ወረቀትዎ ነው። የመኖሪያ ፈቃድዎን ያውጡና ዓይነቱን ያንብቡ። ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ነው? ሥራው ቢቋረጥ ስንት ቀን ይሰጥዎታል? ከሁሉም በላይ፣ ያሳለፉት ዓመት ለቋሚ መኖሪያ ይቆጠራል ወይ? በድርጅት ዝውውር የሚሰጥ ፈቃድ በአንዳንድ አገር አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ነው። የሚቆጠር ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ከሚኖሩበት አገር ከወጡ ቆጠራው ሊቋረጥ ስለሚችል የወጡበትንና የገቡበትን ቀን ከፓስፖርትዎ ማኅተም ላይ ለቅመው በደብተር ይመዝግቡ። ለግብርም ይጠቅምዎታል፤ ብዙ አገሮች 183 ቀን የቆየን ሰው እንደ ነዋሪ ግብር ከፋይ ያዩታል።

ጡረታውን ብዙዎች ይረሱታል። መዋጮዎ የሚገባው ለየትኛው አገር እንደሆነ የደመወዝ ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለቱ አገሮች የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ካላቸው በሁለቱም ያገለገሉበት ዘመን ሊደመርልዎ ይችላል። ከሌላቸው እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይቆጥራል፤ በሁለቱም አገር ለጡረታ የሚያበቃው ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን ሳይሞላለት የሚቀር ሰው አለ።

ስሜቱን በተመለከተ፣ ሰውን የሚያደክመው «ለጊዜው ነው» የሚለው ሐሳብ ይመስለናል። ፍራሹ አልጋ ሳይገዛለት ወለል ላይ ይከርማል፤ ካርቶኑ ሳይፈታ አቧራ ይጠጣል፤ «ልሄድ አይደል» እየተባለ ቋንቋው ሳይለመድ ይቀራል። ስለዚህ ውልዎ ከማለቁ 6 ወር አስቀድመው፣ መመለስዎን ወይም መቆየትዎን የሚወስኑበትን ቀን ይቁረጡ። የሚመለሱ ከሆነ የጡረታና የግብር ማስረጃዎን እዚያው ሳሉ ይሰብስቡ፤ ከሄዱ በኋላ በደብዳቤ ማስወጣት አድካሚ ነው። የሚቆዩ ከሆነ ከቀጣሪ ወደማይታሰር ፈቃድ መዛወር ይቻል እንደሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ የቋንቋ ትምህርቱንም በዚያው ሳምንት ይመዝገቡ፤ ለቋሚ መኖሪያ የቋንቋ ፈተና የሚጠይቁ አገሮች አሉና።