የማንን በሬ ወሰድሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ሐውልት አለ። ካቶሊኮች ለቅድስና እያጯቸው ነው ሲባል ሰማሁ። ግን ሕዝቡን በግድ ከመንደሩ ያስነሡ መሪ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ለክርስቲያን አርአያ ይሆናል? የምጠይቅዎት እኔም በቅርቡ በመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ስለሆንኩ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ጉዳያቸው ገና እየተጣራ ነው። አሁን «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ይባላሉ፤ ይህ መጀመሪያው ደረጃ ነው። ፍርዱን ለቤተ ክርስቲያናቸው እንተወው።

ሰውየው አስተማሪ ነበሩ። ሕዝባቸውም እስከ ዛሬ «ምዋሊሙ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) እ.ኤ.አ. በ1961 ነጻ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሥልጣኑን ለቀው ፓርቲያቸውን ሊያደራጁ ወጡ። ፕሬዚዳንት የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። በ1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የባለሥልጣናቱን ደመወዝ እያነሡ ተቃወሟቸው። ተቆጥተው ተማሪዎቹን አባረሩ። ግን ነገሩ ልባቸው ውስጥ ገብቷል፤ የራሳቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ቁጣውም ትሕትናውም አብረው ስለሚታዩበት ነው።

መንደሩን በተመለከተ ያልሽው እውነት ነው። በ1970ዎቹ ሚሊዮኖች ወደ ኡጃማ መንደሮች፣ ማለትም ገበሬው በኅብረት እንዲኖርና እንዲሠራ ወደ ተመሠረቱ መንደሮች፣ ተዛወሩ፤ ብዙዎቹ በግድ። ሰውን ያለ ፍርድ የሚያሳስር ሕግም ነበራቸው። አልሸፋፍንልሽም። እኛም አገር የመንደር ምሥረታን ዘመን ያየ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። መሪው አዘውትሮ ማስቀደሱ ለዚያ ገበሬ ቤቱን አይመልስለትም።

ታዲያ ምን እንማር? ሙሴም እኮ ሕዝብን ከባርነት ያወጣ ነው። «ትሑት» የተባለለት ሰው ነው። ዓለቱን በቁጣ ስለመታ ግን ወደ ተስፋይቱ ምድር አልገባም። መጽሐፍ ጥፋቱን አልደበቀለትም። አርአያ ማለት እንከን የሌለው ማለት አይደለም፤ ግን ጥፋቱም ጥፋት መባል አለበት።

ኔሬሬ በ1985 ፕሬዚዳንትነቱን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ይህ ብርቅ ነበር። ከጊዜ በኋላም ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ቡቲያማ ተመለሱ። ሀብት አላካበቱም። ሳሙኤል ሸምግሎ በሕዝቡ ፊት የቆመበትን ቦታ ያስታውሰኛል (1ኛ ሳሙ. 12፥3)። የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንን አህያ? ማንን ግፍ አደረግሁበት? አለ። የወሰድሁት ካለ እመልሳለሁ አለ። አየሽ፣ የጠየቀው በሕይወት ሳለ ነው፤ የተበደለ ካለ አፍ አውጥቶ እንዲናገር።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። ምዕራፉን ዛሬ ማታ አንብቢው። ከዚያ በሥርሽ ካሉት መካከል በጣም ዝም የሚለውን ሰው ለብቻው ጥሪና «በእኔ የተጎዳህበት ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂው። ሲመልስልሽ አታቋርጪው።