መልስ፦ ትኬቴ «ሃንኮው» ይላል፣ ዩኒቨርሲቲዬ ዉቻንግ ነው፤ ታዲያ ዉሃን የቷ ናት?

ትኬትህ ትክክል ነው፣ እንዳትቀይረው። ሃንኮው ሌላ ከተማ አይደለችም፣ እዚያው የቻይናዋ ዉሃን ከተማ ውስጥ ናት። ዉሃን የሚባለው ሃንኮው፣ ሃንያንግና ዉቻንግ አንድ ላይ ሆነው ነው። የሃን ወንዝ ትልቁን የያንግትዜ ወንዝ የሚቀላቀለው እዚህ ስለሆነ ውሃው ከተማዋን ሦስት ቦታ ከፍሏታል። ዉቻንግ ከያንግትዜ ወዲያ ማዶ ለብቻዋ ናት።

ስለዚህ ከባቡር ስትወርድ፦
1. ሃንኮው ጣቢያ ሜትሮ (የከተማ ውስጥ ባቡር) አለ፤ 2ኛውን መስመር ያዝ። በወንዙ ሥር አልፎ ዉቻንግ ያወጣሃል።
2. ሻንጣህን ካሳረፍክ በኋላ፣ ሌላ ቀን፣ በጀልባ ተሻገር። እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተው ድልድይ፣ ከላይ መኪና ከታች ባቡር ሲያሳልፍ፣ ከጀልባው ላይ ሆነህ ታየዋለህ። እኔ ለዚህ ብዬ ብቻ ስንቴ ተመላልሻለሁ!

ስትመለስ ግን ተጠንቀቅ። ዉሃን፣ ዉቻንግ፣ ሃንኮው የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች አሉ፣ ተራርቀዋል። አንዴ ለባለታክሲው «ዉሃን ጣቢያ» ብዬው ዉቻንግ ጣቢያ አወረደኝ፤ ባቡሩ አመለጠኝ። ጥፋቱ የኔ አነጋገር ነበር። አሁን አፌን አላምንም፤ ትኬቱ ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍ በስልኬ አንስቼ አሳያለሁ።