በዓል ላይ እያላችሁ ሆስቲንጋችሁ ሃክ ቢደረግ

ዒድ ሙባረክ እህቴ። ጥያቄሽን በትክክል ከተረዳሁት፣ ለአረፋ ደሴ ቤተሰብ ጋ ነሽ። ላፕቶፕሽ አዲስ አበባ ቀርቷል። ዌብሳይትሽ ሲከፈት ወደ ቁማር ገጽ ይወስዳል፣ ሲፓናልም (የሆስቲንጉ፣ ማለትም ሳይትሽ የተቀመጠበት ሰርቨር መቆጣጠሪያ ገጽ) ፓስወርድሽን አልቀበል ብሏል። እጅሽ ላይ ስልክ ብቻ ነው ያለው።

አብሽሪ። በስልክ ብዙ ነገር ይሠራል። ሳይቱን ማጽዳት ግን ለስልክ ሥራ አይሆንም፣ እሱን አዲስ አበባ ስትመለሺ ትደርሺበታለሽ። አሁን የአንቺ ሥራ በሮቹን መዝጋት ነው።

እኔን የገጠመኝ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቼ ነው። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ሳይት ነበር የማስተዳድረው። ንግሥ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ታውቂዋለሽ፤ ኔትወርኩ ብልጭ ይልና ይጠፋል። አንድ ገጽ እስኪከፈት ስለሚያስጠብቅ የትኛውን ልቅደም ብሎ መምረጥ ግድ ነው።

መጀመሪያ ኢሜይልሽን ያዢ። ሰው ሁሉ ወደ ሆስቲንጉ ነው የሚሮጠው። ግን "ፓስወርድ ረሳሁ" ስትዪ ሊንኩ የሚላከው ወደ ኢሜይልሽ ነው። ጠላፊው እዚያ ውስጥ ካለ አንቺ ስትቀይሪ እሱም ይቀይራል። ጂሜይል ከሆነ ፓስወርዱን ቀይሪ፣ የማታውቂውን ስልክና ኮምፒውተር ከአካውንቱ አስወጪ፣ የመጠባበቂያ ስልክ ቁጥሩ የአንቺ መሆኑን እዪ። ከዚያ ፊልተሩንና ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፊያውን ፈትሺ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሆስቲንግ ድርጅቱ የሚመጣው ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ትራሽ እንዲገባ አድርገው የሚሄዱ አሉ፤ አንቺ መልስ ስትጠብቂ መልሱ ተጥሏል ማለት ነው። ፊልተሩ በስልኩ አፕ ላይ ስለማይገኝ ብራውዘር ከፍተሽ "ዴስክቶፕ ሳይት" የሚለውን ምረጪ። የተመዘገብሽበት ኢሜይል በዚያው በተጠለፈው ዶሜይን (በሳይትሽ አድራሻ ስም) ላይ ያለ ከሆነ ግን እሱን እርሺው፣ በሌላ ኢሜይል ሆነሽ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ይዘሽ ድጋፍ ሰጪዎቹን አነጋግሪ።

ቀጥሎ ሆስቲንጉ። ክፍያ የምትፈጽሚበት የደንበኛ አካውንትና ሲፓናል ብዙ ጊዜ የተለያየ ፓስወርድ ነው ያላቸው። በደንበኛው በኩል ከገባሽ የሲፓናሉን ከዚያው መቀየር የሚቻልበት ጊዜ አለ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስታበሪ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ ይሁን። አፑ ኮዱን ከስልኩ ሰዓት ተነስቶ ስለሚያወጣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

ከዚያ ቲኬት ክፈቺ፣ ማለትም ለሆስቲንግ ድርጅቱ ድጋፍ ሰጪዎች የእርዳታ ጥያቄ ላኪ። ሳይቱን ለጊዜው እንዲዘጉት፣ የመግቢያ ሎጎቹን (ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ) እንዳያጠፉ፣ የየትኛው ቀን ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እንዳላቸው እንዲነግሩሽ ጠይቂ። የባካፑን ነገር አደራ። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይሰረዛል። አረፋን ጨርሰሽ እስክትመለሺ ዝም ካልሽ፣ የሚጠብቅሽ ቅጂ ሁሉ የተበከለው ሊሆን ይችላል። ከመጠለፉ በፊት ያለውን ዛሬውኑ ለይተው እንዲያስቀምጡልሽ ጻፊላቸው። ድርጅቱ የውጭ ከሆነ የእኛ በዓል አያግደውም። እዚህ ካለ ሻጭ ከሆነ የገዛሽው ቢሮው ዝግ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱን በስልክ ፈልጊው፣ ስለ በዓሉ ይቅርታ ጠይቀሽ።

ዶሜይኑንም እዪ። ወደ ሌላ ድርጅት እንዳይዛወር የሚከለክለው ቁልፍ መቆለፉን፣ ኔምሰርቨሩ (ዶሜይኑን ወደ ሰርቨሩ የሚመራው) አለመቀየሩን አረጋግጪ። ፋይል ከባካፕ ይመለሳል፣ የተወሰደ ዶሜይን ግን በባካፕ አይመለስም።

ደሴ ፒያሳ ወርደሽ ኢንተርኔት ቤት መግባት እንዳታስቢ። የአጎት ልጅ ላፕቶፕም ቢሆን ምን እንደተጫነበት አይታወቅም። በራስሽ ስልክ፣ በራስሽ ዳታ።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ሌላ ሰው "እኔ ጋ ደህና ነው የሚከፍተው" ቢልሽ አትመኚ። አንዳንዶቹ ቫይረሶች በስልክ የገባውን ወይም ከጎግል ፍለጋ የመጣውን ብቻ ነው ወደ ቁማሩ የሚልኩት። በኮምፒውተር አድራሻውን በቀጥታ የጻፈ ሰው ምንም ላያይ ይችላል። የእኔ ደንበኛም ቢሮው ሆኖ "ሳይቱ ሰላም ነው፣ ንግሡን አክብር" ሲለኝ ነበር!

ስትመለሺ ያገኘሽውን አንድ እንግዳ ፋይል አጥፍተሽ ጨረስኩ አትበዪ። ሳይትሽ በዎርድፕረስ (የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ ከሆነ እሱንና ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ መሣሪያዎቹን) ከምንጫቸው አዲስ አውርደሽ ጫኚ። አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ የፒኤችፒ (የፕሮግራም ኮድ) ፋይል ካለ ጠርጥሪ፣ እዚያ መኖር ያለበት ፎቶና ሰነድ ነው። የማታውቂውን አድሚን፣ የኤፍቲፒ (ፋይል ማስተላለፊያ) አካውንትና ክሮን ጆብ (በሰዓቱ ራሱን የሚያስነሳ ትእዛዝ) ሰርዢ። የዳታቤዝ ፓስወርዱንም ቀይሪ። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተሰራጨ) ቴም፣ ማለትም የሳይት ዲዛይን፣ ካለሽ እሱን በመጀመሪያ አውጪው፣ እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት መግቢያ እሱ ነው።

እና ይሄን ጥያቄ እዚህ ከለጠፍሽ በኋላ በውስጥ መስመር "ፓስወርዱን ላኪልኝ፣ ላስተካክልልሽ" የሚልሽ ካለ አትመልሺለት። እዚሁ ጻፊልን። ቲኬቱ መልስ ሲያገኝ ስክሪንሾቱን ላኪ፣ የተጠቃሚ ስምሽንና ኢሜይልሽን ሸፍነሽ።