ስለ አርቴፊሻል ጥርስ ጠየቃችሁኝ፤ እነሆ መልሴ

ሥራዬ የሚወልቅ ጥርስ መሥራትና መጠገን ነው። እናቴም ከላይም ከታችም ሙሉ ጥርስ ታደርጋለች። ስለዚህ ነገሩን በሥራም በቤትም አውቀዋለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ፣ አፍ ታይቶ የሚወሰነውን ለጥርስ ሐኪም እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ የታች ጥርሴ ከገባልኝ ዛሬ 6ኛ ቀኔ ነው። በግራ በኩል ድዴን አቁስሎኛል። ጎረቤቶቼ "ታገሰው፣ ድድህ ይለምደዋል" ይሉኛል። ልታገሰው?

ኧረ አይታገሱት አባቴ! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሁለት ቦታ መቁሰሉ ያለ ነው። የሚድነው ግን የሚጫነው ቦታ ሲሞረድ ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ውስጥ ክሬም በመሰለ ነገር ይቀባና አፍዎ ውስጥ አስገብቶ ይጫነዋል። ሲያወጣው ክሬሙ ተገፍቶ ፕላስቲኩ የታየበት ቦታ አለ። ድድዎን የሚወጋው እሱ ነው። እዚያች ላይ ብቻ በጣም በስሱ ይሞርዳል፤ ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

እቤት በጥፍር ሞረድ የሞከሩ ሰዎች ጥርሳቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዴ ከልክ በላይ ከተሞረደ ጥርሱ ይላላል፤ የሄደውን ፕላስቲክ መመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ሕመሙ ከጠናብዎ አውልቀው ይረፉ። ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ባለው ቀን ግን መልሰው ያድርጉት። ድድዎ ቀልቶ ካልታየ ሐኪሙ ቦታውን ለማግኘት ይቸገራል። ከተሞረደ በኋላም ቁስሉ በ2 ሳምንት ካልዳነ እንደገና ይታዩ። የማይድን የአፍ ቁስል አንዳንዴ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዋዛ አይታለፍም።

ይህን ያስረዘምኩት የሚያሳዝነኝ ነገር ስላለ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ሳምንት ይታገስና ተስፋ ቆርጦ ጥርሱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ቀን ሄዶ ቢያስተካክለው ኖሮ ይበላበት ነበር።

ጥያቄ፦ የላይኛው ጥብቅ ነው፣ የታችኛው ግን ይንሳፈፋል። ሥራው ተበላሽቶ ይሆን?

የግድ አይደለም። የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ በስስ ምራቅ ይጣበቃል። የታችኛው እንደ ፈረስ ኮቴ ቅርጽ ነው፤ የሚይዘው ቦታ ጠባብ ነው፤ ምላስም ያነሳዋል። ምላስዎን ወደ ኋላ አይሰብስቡ፤ ጫፉ የታች የፊት ጥርሶችን ከኋላ እየነካ ይረፍ። በአንድ ጊዜ በሁለቱም ጎን ያኝኩ፣ በፊት ጥርስ አይግመጡ።

ይህም ካልሠራ ስለ ኢምፕላንት፣ ማለትም ጥርሱን እንዲይዝ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ስለሚተከል ብሎን መሰል ነገር፣ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ የታች ጥርሱ በሙሉ ለወለቀበት ሰው በ2 ኢምፕላንት ላይ የሚያያዝ ጥርስ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን መክረዋል።

ጥያቄ፦ 4 ዓመት ሙሉ ልክ የነበረ ጥርስ አሁን ሳወራ ይወድቃል። ሰፋ እንዴ?

ጥርሱ አልሰፋም፤ የቀነሰው ከሥሩ ያለው አጥንት ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ሲነቀል ተሸካሚው አጥንት መሟሸሽ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት በጣም ይፈጥናል፣ ከዚያ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የታችኛው ከላይኛው በ4 እጥፍ ገደማ ይብሳል። መፍትሔው የጥርሱን ውስጥ በአዲስ ፕላስቲክ ሞልቶ ከድድዎ ጋር እንደገና ማገጣጠም ነው። ካረጀ ደግሞ ሌላ ማሠራት ነው።

ማጣበቂያ ለጊዜው ይረዳል። አተር የምታህል ጠብታ ሦስት አራት ቦታ ትበቃለች። ቱቦው ቶሎ ቶሎ እያለቀብዎ ከሆነ ጥርሱ ልክዎ አይደለም ማለት ነው። ዚንክ ያለበትን ማጣበቂያ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ መጠቀም በሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብ አሳንሶ ነርቭ ይጎዳል፤ የሌለበትን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ "ያለ ጥርስ አልታይም" ብሎ ሌሊትም አያወልቅም። ምን ልበለው?

እህቴ፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች። አንድ ቀን ስታወልቅ ላንቃዋ በጥርሱ ቅርጽ ልክ ቀልቶ አየሁት፤ በቀለም የተሳለ ይመስል ነበር። ፈንገስ ነው። አያምም፣ ስለዚህ አታውቀውም። የከንፈሯ ዳርም ተሰነጣጥቆ ነበር። በመድኃኒትና ሌሊት በማውለቅ ዳነላት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ጥርሳቸውን አድርገው በሚተኙት ላይ የሳንባ ምች በእጥፍ ገደማ በዝቶ ተገኝቷል። ለአባትሽ ይህን ንገሪው፣ ግን ክብሩን ጠብቂለት። መብራት ከጠፋ በኋላ ያውልቅ፣ ውኃ ያለበት ክዳናም ዕቃ አልጋው አጠገብ ይኑርለት፣ ጠዋት ማንም ሳያየው ያድርግ። እናቴ የተስማማችው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጥርስ ሳሙና ባጸዳውስ?

ይቅርብህ፣ ይፋጫል። የተፋጨው ቦታ ቆሻሻና ጀርም ይይዛል። ለስላሳ ብሩሽና የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፤ በደንብ አለቅልቀው። የፈላ ውኃ ቅርጹን ያጣምመዋል። በረኪና ብረት ያለበትን ጥርስ ያበላሻል። ስታጥብ ከሥር ፎጣ አንጥፍ፤ እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጣው ብዙው እጅ መታጠቢያ ላይ የወደቀ ነው።

ጥያቄ፦ "ሰ" ስል ያፏጫል፤ ስበላም ቀጭ ቀጭ ይላል። ሥራ ቦታ አፍሬአለሁ።

አይዞሽ፣ ከምታስቢው ያነሰ ነው የሚሰማው። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ የሚያስቸግርሽን ቃል ደጋግሚው። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይማራል። ቀጭ ቀጩ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ግን ጥርሶቹ የሚገጥሙበት ከፍታ በዝቶ ሊሆን ይችላልና አሳዪው።

ጥያቄ፦ የላይኛውን ሳስገባ ወደ ላይ ይለኛል።

በአፍንጫ በዝግታ ተንፍስ። መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ አድርገህ አውልቀው፣ በየቀኑ ጨምር። ካልተሻለህ የኋላው ጠርዝ ረዝሞ ወይም ላልቶ ይሆናል፤ ያ በሐኪም ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ለሁለት ተሰበረብኝ። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

እባክህ አታድርገው። ማጣበቂያው ስብራቱ ውስጥ ይደርቅና ሁለቱ ክፍሎች በፀጉር ስፋት ተዛንፈው ይቀራሉ። ለዓይን ልክ ይመስላል፤ ድድ ላይ ግን ይወጋል። እኔም ስብራቱን በትክክል መግጠም ያቅተኛል። ቁርጥራጩን ሁሉ፣ ትንሿንም ሳትጥል፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ አምጣው። ጠርዞቹ ካልተነኩ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይጠገናል።